ጥቆማ፦ ጅማ ሆነው ለኦኩፔሽናል ቴራፒ ፈተና ለሚዘጋጁ፣ የነርቭ ሕመሞችንና የሕፃናት ዕድገትን በምን ማጥናት ይሻላል?

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦኩፔሽናል ቴራፒ (ታማሚ ወይም ጉዳተኛ የዕለት ተዕለት ተግባሩን ራሱ እንዲያከናውን የሚረዳ የጤና ሙያ) ተምረው ለፈተና ለመዘጋጀት ጅማ ወደሚገኘው ቤተሰባቸው የተመለሱ ወጣቶች፣ በእጃቸው ያለችውን ገንዘብ በየትኛው የጥናት መሣሪያ ላይ ቢያውሏት እንደሚሻል ይጠይቁኛል። ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር፦ ወፍራም የፎቶ ኮፒ ጥራዝ ከመግዛት ጥቂት ገጾችን በቀለም ማሳተም፣ የቀረውን ጊዜ ደግሞ ሕፃናትን በቅርበት መመልከት ይበልጣል።

በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ለጽሑፍ ምንም አይወጣላቸውም፤ ዋጋቸውም ከቀለም ሕትመት እጅግ ይረክሳል። ችግሩ ሥዕሉ ላይ ነው። ከአንድ ቤት በተገዛ ጥራዝ ውስጥ፣ የቆዳ ስሜት ከየትኛው የሕብለ ሰረሰር ደረጃ እንደሚመጣ የሚያሳየው ካርታ በተደጋጋሚ ከመባዛቱ የተነሣ ከትከሻ እስከ ጣት አንድ ወጥ ግራጫ ሆኖ ነበር፤ አውራ ጣት የሲ6፣ መሐል ጣት የሲ7 ክልል መሆኑን ከዚያ ላይ ማንም ሊለይ አይችልም (ሲ የአንገት፣ ቲ የደረት ደረጃ ነው፤ ቁጥሩም ወደ ታች ሲወርድ ይጨምራል)። ፈተናው ደግሞ የሚጠይቀው በደረጃ ነው። ጉዳቱ ከሲ5 በታች የሆነ ሰው ክርኑን ማጠፍ ይችላል፤ ሲ6 የተረፈለት ሰው የእጅ አንጓውን ወደ ላይ ሲያነሣ ጣቶቹ በቴኖዴሲስ፣ ማለትም ጅማቶቻቸው ስለሚወጠሩ በራሳቸው፣ ይሰበሰቡና ቀለል ያለ ዕቃ ይይዛሉ፤ ሲ7 የተረፈለት ክርኑን መዘርጋት ስለሚጨመርለት በእጁ ተደግፎ ከአልጋ ወደ ዊልቸር መሸጋገር ይቀለዋል። ጉዳቱ ከቲ6 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ድንገተኛ ራስ ምታትና የደም ግፊት መናር ቢታይ፣ ታማሚውን ቀና አድርጎ አስቀምጦ የሽንት ቱቦው መታጠፍ አለመታጠፉን ማየት እንደሚቀድም ከዚሁ ገጽ ጎን ይጻፍ። ይህችን አንዲት ገጽ በቀለም ማሳተም ከጥራዙ ሁሉ ይልቅ ትጠቅማለች።

በሕፃናት ዕድገት በኩል ሁለት ሰንጠረዦችን እመርጣለሁ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። የመጀመሪያው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የስድስት የእንቅስቃሴ ክንውኖች ገበታ ሲሆን፣ ጥንካሬው አንድ ቁርጥ ያለ ወር ከመስጠት ይልቅ የጤናማ ሕፃናትን የጊዜ ስፋት ማሳየቱ ነው፤ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ብቻውን መራመድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ይዘልቃል። ሁለተኛው የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ዝርዝር ነው። ይህኛው እ.ኤ.አ. በ2022 ተሻሽሎ፣ 75 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑ ልጆች በየዕድሜያቸው የሚደርሱባቸውን ክንውኖች ብቻ ይዟል፤ መዳህም ከዝርዝሩ ወጥቷል። ገበያ ላይ ያሉት ጥራዞች ከዚያ በፊት የተዘጋጁ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ማንኛውንም የዕድገት ሰንጠረዥ ከመሸምደድ በፊት ዓመተ ምሕረቱን መመልከት ግድ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማሳተም የሚችል ሰው የመጀመሪያውን ይያዝ።

ሰንጠረዥ የማይሰጠውን ነገር ግን ሰፈር ይሰጣል። ጅማ ውስጥ ቡና በግቢ ተሰጥቶ በሚደርቅበት ወቅት፣ ምንጣፉ ዳር የተቀመጠ የሰባት ወር ሕፃን ፍሬዋን በመላ መዳፉ ወደ ራሱ ሲጠርግ፣ የአሥራ አንድ ወሩ ደግሞ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጫፍ ለቅሞ ሲያነሣት ማየት ይቻላል። ፒንሰር ግራስፕ የሚባለው ይኸው ነው፤ አንዴ በዓይን ያየው ሰው በፈተና ላይ አይስተውም። ፍሬው ወደ አፍ ከደረሰ ሊያንቅ ስለሚችል የሚመለከተው ሰው ከእናቲቱ ጋር አጠገቡ ይሁን፤ ፈቃድም አስቀድሞ ይጠየቅ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሰናክል ነገር አለ። እናቶች የልደት ቀን የሚነግሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የልደቱን ቀንና የምርመራውን ቀን በአንድ አቆጣጠር ሳያደርጉ መቀነስ የሕፃኑን ዕድሜ ያዛባል። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነም ከ40 ሳምንት የጎደለው ከዕድሜው ይቀነሳል፤ በ32 ሳምንት ተወልዶ ዛሬ ስድስት ወር የሞላው ሕፃን የሚመዘነው እንደ አራት ወር ሕፃን ነው።

ለክለሳ አንኪ የተባለው የጥያቄና መልስ ካርዶች መተግበሪያ ይበቃል። በአንድሮይድ ስልክ ነፃ ነው፤ በአይፎን ግን ይከፈልበታል። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ቪዲዮ ማውረድ የሚፈልግ የኢትዮ ቴሌኮምን የሌሊት ጥቅል ከኢንተርኔት ቤት ሰዓት ጋር አስልቶ ይወስን፤ እኔ የሌሊቱን እመርጣለሁ።

በክፍያ የሚያስጠና ሰው መቅጠር ያሰበ ደግሞ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፦ በቀኝ የአንጎል ክፍል ስትሮክ የደረሰበት ሰው ማዕድ ላይ ሲቀርብ ምን ይቸግረዋል? የደም ሥሩን ስም ብቻ ጠርቶ ካቆመ አይቀጠር። የግራ ወገኑን ልብ ማለት ስለሚያዳግተው ከትሪው በግራ በኩል ያለውን እንጀራ ሳያየው ሊተው እንደሚችል፣ ጋቢውንም በቀኝ ትከሻው ብቻ አድርጎ ለብሻለሁ ሊል እንደሚችል፣ ቴራፒስቱ ከየትኛው ወገን ተቀምጦ እንዴት እንደሚረዳው ካስረዳ ግን ገንዘቡ ይገባዋል፤ ክፍያውም ለወር ከሚሆን በየክፍለ ጊዜው ቢሆን ይመረጣል።