የስልክና የካሜራ ማስረጃ አያያዝ ረቂቅ፦ እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁ አጭር ነው። ስልክ እንደተያዘ ፍላይት ሞድ ይደረግ፣ ማንም በውስጡ ያለውን መረጃ ከሩቅ እንዳይሰርዘው። ምርመራው በዋናው ሳይሆን በቅጂው ላይ ይሁን፣ የሁለቱም ሃሽ (ፋይሉ ከተነካ የሚለወጥ፣ እንደ አሻራ የሆነ ቁጥር) ይመዝገብ። ማን ከማን እንደተረከበ በቅጽ ላይ በፊርማ ይታይ። ለባለሙያዎቻችን ራይት ብሎከር (ዲስክ ሲነበብ ምንም እንዳይጻፍበት የሚከለክል መሣሪያ) በመዋጮ እንግዛ።

ገንዘብ ያዥ፦ ያለፈው ዓመት መዋጮ ገና አልገባም። እሱ ሳይገባ ስለ ዕቃ አታውሩኝ።

የሐዋሳው ጠበቃ፦ ቅጹ ላይ «ቀንና ሰዓት» የሚለው በማን አቆጣጠር ነው?

ባለሙያው፦ በፈረንጅ። ስልኩም የሚመዘግበው እንደዚያ ነው።

የሐዋሳው፦ ክሱ በእኛ ቀን ተጽፎ፣ ምስክሩ «ከምሽቱ 2 ሰዓት» እያለ፣ እኔ ዳኛ ፊት 20:00 ልበል? አልፈርምም።

ባለሙያው፦ ሁለት ዓምድ እናድርገው በቃ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ እኮ ከጀርባ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚይዙት፣ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። አንዱን ብቻ ከጻፍን ማመሳከር አይቻልም።

የሐዋሳው፦ ሁለት ዓምድ ሁለት ስህተት ነው። ጳጉሜን ሲመጣ ማን ሊቀይረው?

ጸሐፊዋ፦ ሁለት ቀን ሙሉ ሰዓት ሰዓት! ስለ ቅጂው አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 አገልግሎት ሰጪው የትራፊክ ዳታ (ማን ከማን መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን) የሚያቆየው 1 ዓመት ነው። ዳታው እንዳይጠፋ የሚሰጠው የጥበቃ ትእዛዝም 3 ወር ነው፣ የሚራዘመው አንዴ ብቻ። የሱቅ ካሜራ ደግሞ ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ ይቀዳል። እናንተ ለቀን አጻጻፍ ትጣላላችሁ።

የሐዋሳው፦ ለቀን አጻጻፍ አይደለም። ካሜራው 02:10 ይላል፣ መርማሪው ከሌሊቱ 8:10 ብሎ መዘገበ። የካሜራውን ሰዓት የሞላው የጥበቃ ሠራተኛ ግን በእኛ አቆጣጠር ነበር የሞላው፣ ጠዋት 2:10 ማለቱ ነው። ካሜራው ምድር ቤት ስለሆነ ቀንና ሌሊቱ አይለይም። ደንበኛዬ ወደ ሥራ ሲገባ ተቀርጾ 5 ወር ታሰረ፣ ሴት ልጁ ስትወለድ አልነበረም። አሁንም ጭቅጭቅ በይው።

ጸሐፊዋ፦ አላወቅሁም። ይቅርታ።

የቀድሞው መርማሪ፦ ልጆች፣ መፍትሔው ቀላል ነው። ካሜራውን ስትይዙ የስልካችሁን ሰዓት ከስክሪኑ አጠገብ አድርጋችሁ ሁለቱን በአንድ ፎቶ አንሱ። ልዩነቱን እዚያው ጻፉና ባለቤቱን አስፈርሙ። እኔ በሥራ ላይ እያለሁ ይህን የሚጠይቀን አልነበረም፣ ዛሬም ይቆጨኛል።

የሐዋሳው፦ ጋሼ፣ ይኼ ከገባ እፈርማለሁ።

ባለሙያው፦ ረቂቁን አስተካክላለሁ ያለው የአዳማው ልጅ የት ገባ?

ጸሐፊዋ፦ ከማክሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሳም። እኔው እጽፈዋለሁ። ዓርብ የሚገባው ስለ ሰዓቱና ስለ ፎቶው ብቻ ይሆናል፣ ሌላውን ለመጻፍ ጊዜ የለኝም።

ባለሙያው፦ ሃሹስ? ራይት ብሎከሩስ? የተነሳነው ለእሱ አልነበረም?

ገንዘብ ያዥ፦ መዋጮው ይግባ።