የአውሮራ ተንደርጄት 500 መኪኖች ሞተር፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ጠያቂ፦ የሜሪላንዱ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ባለፈው ወር አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ቤታቸውን ሲለቁ ለሽያጭ ካወጧቸው ዕቃዎች መካከል ሦስት የአውሮራ ተንደርጄት 500 መኪኖችን ከነመሮጫ ትራካቸው ገዛሁ። ለማያውቋቸው አንባቢዎች ለመግለጽ ያህል፣ እነዚህ ከመዳፍ ያነሱ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው፤ በትራኩ ላይ በተቀደደው ቦይ እየተመሩ፣ ኃይላቸውን ደግሞ ከቦዩ ግራና ቀኝ ከተዘረጉት ሁለት የብረት መስመሮች እየወሰዱ ይሮጣሉ። በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ የነበረው የአውሮራ ኩባንያ ይህን ሞተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት መኪኖቹ በንዝረት የሚሠሩ ነበሩ።

ችግሬ የሚከተለው ነው። ሁለቱ መኪኖች ትራኩ ላይ ሲቀመጡ ያጉረመርማሉ፣ ይሞቃሉ፣ ነገር ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም። ሦስተኛው ይሄዳል፤ ሆኖም አካሄዱ የደከመ ነው፣ ከሥሩ ብልጭታ ይታያል፣ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። የእህቴ ልጅ የሦስቱንም አርሜቸር፣ ማለትም የሞተሩን የሚሽከረከር ባለጥቅል ክፍል፣ አውጥቼ ኦማቸው (ለኤሌክትሪክ ያላቸው ተቃውሞ) ዝቅ ባለና ፈጣን በሆኑ እንድተካ፣ ማግኔቶቹንም በጠንካራዎቹ የኒዮዲሚየም ማግኔቶች እንድቀይር ይመክረኛል። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ውስጥ ከተሰበረ ቴፕ ዳይናሞ አውጥቼ በባትሪ ድንጋይ ሳሽከረክር ከማደጌ የተነሣ፣ አሮጌ ሞተር ሳይመረመር ሲጣል ማየት አልወድም። መኪኖቹ እንደ ጥንታቸው እንዲቆዩልኝም፣ ከልጆቼ ጋር እንድንጫወትባቸውም እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መላሽ፦ ሰዓት ጠጋኝ

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ማንኛውንም ዕቃ ከማዘዝዎ በፊት ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ላጲስ፣ ስቴኪኒና ንጹሕ አልኮል ያዘጋጁ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ከእነዚህ ያለፈ አይጠይቅም።

በቅድሚያ ማወቅ የሚገባዎት፣ ተንደርጄት እንደ ሌሎቹ አሻንጉሊቶች በቆርቆሮ የታሸገና ተነቅሎ የሚቀየር ሞተር የሌለው መሆኑን ነው። ሻንሲው፣ ማለትም የመኪናው መሠረት፣ ራሱ የሞተሩ ቤት ነው። አርሜቸሩ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ሆኖ ዘንጉ ወደ ላይ ቆሟል። ዘንጉ ከላይ ባለው ላሜራ ውስጥ አልፎ ትንሽ ጥርስ ያዞራል፤ ያ ጥርስ መካከለኛውን፣ መካከለኛው ደግሞ ሦስተኛውን ያዞርና፣ በሦስተኛው ሥር ያለው ፒኞን (ትንሽ ጥርስ) የኋላ እግሩ ዘንግ ላይ ያለውን ኮሮና (ትልቅ ጥርስ) ይነዳል። ኤሌክትሪኩን ለጥቅሎቹ የሚያከፋፍለው ኮሙታተር በአርሜቸሩ ሆድ ላይ እንደ ሳንቲም ተለጥፎ የሚገኝ፣ በሦስት የተከፈለ የመዳብ ሰሌዳ ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያቀብሉት ሁለት ካርቦኖች ከሻንሲው ቀዳዳ ወጥተው ከታች ወደ ላይ ይነኩታል፤ የሚገፏቸውም ስስ የመዳብ ሞላዎች ናቸው።

አሁን ከቦታቸው ወዳልተነቃነቁት ሁለት መኪኖች ልምጣ። ሁለት መኪኖች በአንድ ዓይነት ምልክት፣ ማለትም እየሞቁና እያጉረመረሙ ሳይዞሩ ከቀሩ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተቃጠሉ ብሎ ከማሰብ አስቀድሞ የማግኔቶቹን አቀማመጥ መመርመር ይገባል። እያንዳንዱ ሻንሲ ከአርሜቸሩ ፊትና ኋላ አንድ አንድ ማግኔት አለው። አንደኛው ወደ አርሜቸሩ ሰሜን ዋልታውን፣ ሌላኛው ደቡብ ዋልታውን ማዞር አለበት። ቀድሞ የያዛቸው ሰው ሁለቱን መኪኖች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ፈትቶ ሲያጸዳ ማግኔቶቹን አቀያይጦ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን አንዱ መኪና ሁለት ሰሜን፣ ሌላው ሁለት ደቡብ ይዞ ይቀራል። የማረጋገጫው መንገድ ቀላል ነው። ማግኔቶቹን ካወጡ በኋላ ወደ አርሜቸሩ የሚዞሩትን ጎድጓዳ ፊቶቻቸውን እርስ በርስ ያስተያዩአቸው። ከተሳሳቡ ጥንዱ ትክክል ነው። ከተገፋፉ ግን ከአንዱ መኪና አንድ፣ ከሌላው አንድ ወስደው ያለዋውጡ። ከዚህ በኋላ መኪናው ወደ ኋላ ከሄደ የፊቱንና የኋላውን ማግኔት ቦታ ያቀያይሩለት፣ ወደ ፊት ይሄዳል።

በሦስተኛው ላይ አርሜቸሩን አውጥተው ከኮሙታተሩ ሦስት ክፍሎች ሁለት ሁለቱን በቴስተር ይለኩ። የመደበኛው ተንደርጄት አርሜቸር ንባብ ወደ 16 ኦም ይጠጋል፤ ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ሦስቱ ንባቦች ተቀራራቢ መሆናቸው ነው። የቴስተርዎ የራሱ ሽቦ ያለውን ኦም ከንባቡ ይቀንሱ። አንዱ ንባብ ዝቅ ካለ ለመጣል አይቸኩሉ፤ በክፍሎቹ መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ የተጠቀጠቀ የካርቦን ዱቄት ኤሌክትሪኩን አቋርጦ ያሳልፋል። ስንጥቁን በስቴኪኒ ይጥረጉ፣ ፊቱን በላጲስ ይሹ፣ በመጨረሻም አልኮል በነካ ጨርቅ ያጽዱ። ቀለም ያለውን ቦዲ ግን አሴቶንና ቀጭን የቀለም ማቅለጫ እንዳይነካው አደራ፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

መላሽ፦ ሞተር ጠቅላይ

ሰዓት ጠጋኝ የጻፉትን ሁሉ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን የእህትዎ ልጅ ስላነሣው ማሻሻያ ያልተነገረ ነገር አለ። ብዙ ሰው ማግኔት በጠነከረ ቁጥር መኪናው የሚፈጥን ይመስለዋል። አይደለም። ሞተር ሲዞር ራሱም እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ከምንሰጠው ቮልቴጅ ጋር የሚገዳደር ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ፍጥነቱ መጨመሩን የሚያቆመውም ሁለቱ ሊመጣጠኑ ሲቃረቡ ነው። ማግኔቱ ሲጠነክር ያ ተቃራኒ ቮልቴጅ በዝቅተኛ ዙር ይደርሳል፣ ስለዚህ መኪናው ሲነሣና ሲያቆም ጉልበት ቢጨምርም የመጨረሻ ፍጥነቱ ይቀንሳል። አርሜቸሩን በአነስተኛ ዙርና በወፍራም ሽቦ መጠቅለል ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ የሞተሩ ፍጥነት ይጨምራል፣ የሚጠጣው አምፔርም ይጨምራል። ማግኔትና ጥቅል አብረው ካልታሰቡ አንዱ የሌላውን ልፋት ያጠፋል ማለት ነው።

ቁጥሩን እንይ። በ18 ቮልት 16 ኦም ያለው አርሜቸር ቆሞ ሲነሣ ወደ 1.1 አምፔር ይስባል፤ ይህ 20 ዋት ያህል ነው። ወደ 6 ኦም ከወረድን 3 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ይሆናል። መኪናው ከተንቀሳቀሰ ይህ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ልጅ መኪናውን ከመታጠፊያ አጥር ጋር አጋጭቶ እጁን ከመቆጣጠሪያው ሳያነሣ ቢቀር፣ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በ1960ዎቹ ፕላስቲክ ላይ ነው። የአርሜቸሩ ማረፊያ ቀዳዳ አንዴ ከላላ ሻንሲው አይመለስም። በተጨማሪም የጥንቱ መቆጣጠሪያ የሚሠራው በውስጡ ባለው ኤሌክትሪክ የሚገድብ ሽቦ ስለሆነ፣ ኦሙ ዝቅተኛ ኦም ላለው አርሜቸር አይስማማም፤ መኪናው ወይ ይቆማል ወይ ይፈተለካል፣ መካከለኛ አካሄድ ይጠፋል።

ጠያቂ፦ የሜሪላንዱ

ከልብ አመሰግናለሁ። የሁለቱ መኪኖች ነገር ልክ እንደተባለው ሆኖ ተገኘ። የአንደኛው ማግኔቶች ተገፋፉ፣ የሁለተኛውም እንዲሁ። አንድ አንድ ስለዋውጣቸው ሁለቱም ተነሡ፤ አንዱ ወደ ኋላ ሄዶ ነበር፣ እርሱንም አስተካከልሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ያቺን ቅጽበት አይታ ማግኔቶቹን ራሷ ልታስተያያቸው ወሰደችብኝ።

ሦስተኛው ከማጽዳቴ በፊት 14.4፣ 14.5 እና 9.7 ኦም አነበበ። ስንጥቆቹን በስቴኪኒ ስጠርግ ጥቁር ዱቄት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ 16.1፣ 16.3 እና 16.2 ሆነ። ሽታው ጠፍቷል፣ ፍጥነቱም ጨምሯል። ብልጭታው ግን አሁንም አልተወውም። ካርቦኖቹ መሐላቸው ጎድጉዶ አንደኛው ከሌላው አጥሯል።

መላሽ፦ ሰዓት ጠጋኝ

9.7 ያነበበው በካርቦን ዱቄት ምክንያት ስለነበር አርሜቸሩ ጤነኛ ነው፤ በሌላ እጅ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ብልጭታው ከካርቦኑ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በአዲስ ይተኩ፣ አንዱን ብቻ መተካት ግፊቱን ያዛባል። ከዚያ የመዳብ ሞላዎቹን ያስተካክሉ፤ የዚህ ሥራ ዋነኛ ጥበብ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ጊዜ የሚገባውም ነው። ሞላው ከላላ ካርቦኑ ኮሙታተሩ ላይ ይዘልላል፣ በዘለለ ቁጥር ይበልጨልጫል፣ መዳቡንም ይበላዋል። ከጠነከረ ደግሞ እንደ ፍሬን ይይዘውና ሞተሩ ይሞቃል። ሁለቱ ካርቦኖች ከቀዳዳቸው እኩል ከፍ ብለው እንዲታዩ፣ በጣት ሲጫኑም ሳይያዙ ወርደው እንዲመለሱ አድርገው ሞላዎቹን በጥቂት በጥቂቱ ያጉብጧቸው። ሲጨርሱ መኪናውን አንሥተው በዝቅተኛ ቮልቴጅ፣ 6 ያህል ይበቃል፣ ለጥቂት ደቂቃ ያዙሩት፤ አዲሱ ካርቦን የኮሙታተሩን ፊት መስሎ ይቀመጣል። በላሜራው ላይ ባለው የዘንግ ቀዳዳና በእግሮቹ ዘንጎች ላይ በመርፌ ጫፍ አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ያድርጉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ኮሙታተሩ ወርዶ ከካርቦኑ ጋር ጭቃ ይሠራና ወደ 9.7 ይመልስዎታል።

መላሽ፦ የድሮ ትራክ

ለብዙ ዓመታት እነዚህን መኪኖች የሰበሰብኩ ነኝና ስለ ጥንታዊነታቸው አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዘመን የነበሩ ልጆች ሰፊ ጎማ ለማስገባት የቦዲውን የጎማ ቅስት ይቆርጡ ነበር፤ ዛሬ ያልተቆረጠ ቦዲ ማግኘት የሚያስደስተን ለዚህ ነው። ጎማ፣ ካርቦን እና ከሥር ኃይል የሚቀበሉት የመዳብ ጫማዎች የሚያልቁ ነገሮች ስለሆኑ መቀየራቸው መኪናውን አይጎዳውም። ጫማዎቹን ገልብጠው ይመልከቱ፤ መስመሩ በጥልቀት ቦርቡሯቸው ከሆነ ይተኳቸው፣ ካልሆነ በላጲስ መጥረግ ይበቃል። የወጣውን ኦሪጅናል ዕቃ በሙሉ የየትኛው መኪና እንደሆነ ጽፈው በየከረጢቱ ያስቀምጡ።

ፍጥነት ለሚፈልገው የእህትዎ ልጅ ደግሞ በዚያው ንድፍ ዛሬም የሚሠሩ አዳዲስ ሻንሲዎች ይሸጣሉና ከእነዚያ አንዱን ይግዛ። ባለ 6 ኦም አርሜቸሩንም ጠንካራ ማግኔቱንም በዚያ ላይ ይሞክር፤ ቢቀልጥም ሌላ ይገኝለታል።

ጠያቂ፦ የሜሪላንዱ

ካርቦኖቹን ዛሬ አዝዣለሁ። ለእህቴ ልጅም አዲስ ሻንሲ አብሬ ጨምሬለታለሁ። ማግኔቶቹን ከልጄ እንዳስመለስሁ ሦስቱንም ገጥሜ የሞላዎቹን ነገር እዚሁ እጽፋለሁ።