ጳውሎስ «አላውቅም» ሲል የሚናገረው ማን ነው?

ጠያቂ፦ ትናንት ማታ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1 ላይ ቆምኩ። ጳውሎስ ከቀርስጶስና ከጋይዮስ በቀር ማንንም አላጠመቅሁም ይላል። ወዲያው ትዝ ሲለው የእስጢፋኖስን ቤተሰብ ይጨምራል። ከዚያ ወዲያ ሌላ አጥምቄ እንደሆነ አላውቅም ብሎ ያልፋል። መንፈስ ቅዱስ ቃል በቃል እያስጻፈው ይረሳል እንዴ?

ቤርያዊ፦ 2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16 ላይ ያለው የግሪክ ቃል «ቴኦፕኔውስቶስ» ነው፤ እግዚአብሔር የተነፈሰበት። «የመጽሐፍ ሁሉ» ነው የሚለው፣ ግማሹ አይልም። ጳውሎስ መርሳቱ እውነት ነበር፤ እውነቱ ተጻፈ። ስሕተቱ የቱ ጋ ነው?

ተማሪ፦ ጥሩ መልስ ነው፣ ግን «ቃል በቃል ተነግሮት ጻፈ» የሚለውን የራስህን አቋም ነው ያፈረስክበት። ትውስታው የሰውየው ከሆነ ቃላቱም የሱ ናቸዋ! ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ድምፅ ሰማሁ አላለም፤ ሁሉን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከታትዬ ጻፍኩ ነው ያለው። ሮሜ 16፥22 ላይማ ደብዳቤውን የሚጽፈው ጤርጥዮስ የራሱን ሰላምታ ጣል ያደርጋል። (ይቺን ቁጥር እወዳታለሁ።)

ቤርያዊ፦ ኤርምያስ 36ስ? ባሮክ ከነቢዩ አፍ እየሰማ ነው የጻፈው። ንጉሡ ክርታሱን እየቀደደ እሳት ውስጥ ቢጥለውም እንደገና ተጻፈ።

ተማሪ፦ ምዕራፉን ጨርሰዋ። በሁለተኛው ክርታስ ላይ ሌላ ብዙ ቃል ተጨመረበት ይላል። ደግሞስ ነቢይ «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ሲልና ሐዋርያ ደብዳቤ ሲጽፍ አንድ ነው?

ልሳን፦ ሁለታችሁም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚገቡት የትኞቹ መጻሕፍት እንደሆኑ ያለቀለት ነገር አስመሰላችሁት። 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ልክ እንደዛሬው ዘርዝሮ የምናገኘው የመጀመሪያ ሰነድ የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ በ367 እ.ኤ.አ. የጻፈው የፋሲካ ደብዳቤ ነው። ያው ደብዳቤ አስቴርን ከብሉይ ኪዳን ዝርዝር ውጭ ያደርጋታል። ይሁዳ ቁጥር 14 ሄኖክን ይጠቅሳል፤ አብዛኛው ክርስቲያን ግን መጽሐፈ ሄኖክን አይቀበልም። እና ለዪው ማን ነው? ቤተ ክርስቲያን ካላችሁ «መጽሐፍ ብቻ» (የመጨረሻው ሥልጣን መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው የሚለው ትምህርት) አበቃለት።

ቤርያዊ፦ አላበቃለትም። ወርቅ የሚመዝን ሰው ወርቁን አልሠራውም። ቤተ ክርስቲያን አወቀችው እንጂ ሥልጣን አልሰጠችውም።

ልሳን፦ ሚዛኑ ትክክል መሆኑን በምን አወቅክ?

ቤርያዊ፦ ኢየሱስ «በጎቼ ድምፄን ይሰማሉ» ስላለ።

ልሳን፦ እሱንም ያነበብከው ከዝርዝሩ ውስጥ ነው።

ጠያቂ፦ የእናንተ ሌላ ቀን ይቀጥል። እኔ «መርሳቱ እውነት ነበር» የሚለውን ወስጃለሁ፣ «ቃል በቃል» የሚለውን ግን ትቼዋለሁ። ቤርያዊ፣ ከጠቀስከው ከ3፥16 አንድ ምዕራፍ ብቻ አልፈህ 4፥13ን አንብብልኝ፤ ጢሮአዳ የተውኩትን በርኖስ አምጣልኝ ይላል። እሱስ የተነፈሰበት ነው?