የ1967 ሙስታንጌ ኩርባ ላይ እየተኛብኝ ተቸግሬያለሁ
ሰላም ወገኖች። የ1967 ፎርድ ሙስታንግ አለኝ። ሞተሩ እንከን አይወጣለትም፣ ኩርባ ላይ ግን ወደ ጎን ይተኛል፤ የፊት ጎማዎቹም በውጪ ጠርዛቸው በኩል ያልቃሉ። የፊት ሞላዎቹን ጠንከር ባሉ ቀየርኩ፣ ሾክ አብዞርበሮቹም አዲስ ናቸው። መተኛቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፣ ጭራሽ ጎርባጣ መንገድ ላይ መንጠር ጀመረ።

በ1965ቱ ሼልቢ ጂቲ 350 (ለፍጥነት በተሻሻለው የሙስታንግ ዓይነት) ላይ የላይኛው የፊት ክንድ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው ብረት፣ ማሰሪያ 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ ተደርጎ ነበር፣ ጎማው ኩርባ ላይ አስፋልቱን በደንብ እንዲይዝ። እኔም ልሞክረው አስቤ፣ አካሉን መብሳት ስለሚጠይቅ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ይህን መኪና በጣም ነው የምወደው። መጀመሪያ ወፈር ያለ የፊት ስታቢላይዘር ባር (መኪናው ወደ ጎን እንዳይተኛ ግራና ቀኙን የሚያገናኝ ዘንግ) ብቻ ብገጥም ይበቃል? የኋላውን ባሌስትራስ ልንካው ወይስ ልተወው? ክንዱን ዝቅ ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ የጎማ አላይመንቱን በስንት አስተካከላችሁት?