ወንድሜ ሲሮጥ ራሱን ስቶ ወደቀ፣ የልብ ምት ምርመራው (ኢሲጂ) ግን ኖርማል ነው ተባለ

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰቦች እስቲ የምታውቁ እርዱኝ። ታናሽ ወንድሜ 21 ዓመቱ ነው፣ ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ይሮጣል፣ ባለፈው እየሮጠ እያለ ደረቴን ጨመደደኝ ብሎ ድፍት አለ። ክሊኒክ ወሰድነው፣ ኢሲጂ ኖርማል ነው ቁርስ ሳይበላ ስለሮጠ ነው ብለው ሸኙን። እማዬ አላምን ብላ ሌላ ቦታ ስናሳየው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ያነሳው ዶክተር የልብ ደም ስሩ አነሳሱ ልክ አይመስለኝም ሲቲ ስካን ይነሳ አለ። ልጁ አሁን ደህና ነው፣ ብሩም ቀላል አይደለም፣ የግድ ነው? እስከዛ ቀስ እያለ ቢሮጥስ?

የልብ ክፍል ነርስ፦
አይዞሽ እህቴ፣ ግን ቀስ ብሎም አይሩጥ፣ ኳሱም ጂሙም ይቅር። ሮጦ ጨርሶ ሲቆም ቢያዞረው አንድ ነገር ነው፣ ሩጫው መሃል ደረቱን አሞት መውደቁ ግን በቀላሉ አይታለፍም። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ደም ስሮች (ኮሮናሪዎች) ከአኦርታ፣ ማለትም ከልብ ከሚወጣው ትልቁ ደም ስር፣ ስር ነው የሚነሱት፣ ግራው ከግራ ቀኙ ከቀኝ። አንዳንዱ ሰው ላይ ከተፈጥሮው ግራው ከቀኝ በኩል ይነሳና በአኦርታውና ወደ ሳንባ በሚሄደው ትልቁ ቱቦ መሃል ሾልኮ ያልፋል፣ አፉም እንደ ስንጥቅ የጠበበ ሊሆን ይችላል። ቁጭ ሲል ደሙ ይበቃዋል፣ ሲሮጥ ግን ልብ ብዙ ስለሚፈልግ ያጥረዋል፣ ምቱ ይዛባል፣ ለዛ ነው ተኝቶ የተነሳው ኢሲጂ ኖርማል የሚሆነው። ሲቲው የግድ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ነርሷ ልክ ናት። የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ፒት ማራቪች ስንት ዓመት በፕሮፌሽናል ተጫውቶ በ1988 እ.ኤ.አ. በ40 ዓመቱ ኳስ እየተጫወተ ነው የሞተው፣ ግራው ኮሮናሪ ከነጭራሹ እንዳልነበረው የታወቀው ከሞተ በኋላ አስከሬኑ ሲመረመር ነው።

ጠያቂ፦
ወይኔ ፈራሁ፣ ጠበልም እናስገባው ይሆን?

የልብ ክፍል ነርስ፦
ጠበሉም ሲቲውም ይሁን፣ ሲቲውን ግን እንዳታዘገዩ። ሁሉም ደግሞ አደገኛ አይደለም፣ ከአኦርታ ጀርባ ዞሮ የሚያልፍ አይነት አለ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርግም። ስለዚህ ውጤቱ ሲመጣ ከየት ይነሳል፣ በየት ያልፋል፣ አፉ ጠቧል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ኦፕራሲዮን ካስፈለገም አፉን ማስፋት ወይም ደም ስሩን ቦታው መልሶ መስፋት ይቻላል። ክብሪት ማሽተት ውሃ መርጨት ይቅር በይልኝ ለጓደኞቹ፣ ወድቆ ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ አንዱ አምቡላንስ 907 ይደውል፣ አንዱ ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጁ ጠንከር አድርጎ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን፣ እርዳታ እስኪደርስ እንዳያቆሙ።