ለነጭ ጋቢ የሚሆን የማይለቅ የክር ቀለም፦ ለጀማሪ ጥቆማ

የፈተላችሁትን ክር ቤት ውስጥ ልታቀልሙ ላሰባችሁ ጥቆማዬ ይኸው። የእጅ ፈትል ዞሮ ዞሮ የሚሸመነው ከነጭ ጋር ነው። ጥለቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ካበላሸው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ እኔ ቀለሞችን የማወዳድረው በድምቀታቸው ሳይሆን በመልቀቃቸው ነው።

ምርጫዬ ሪአክቲቭ የሚባለው ዱቄት ነው። ከ1956 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ሲሆን ከጥጡ ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል። መርካቶ ስትሄዱ «የጥጥ ቀለም» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ዳይሬክት የሚባለውንም ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ዳይሬክት በጨው ተቀቅሎ ቆንጆ ይይዛል፣ ግን በየእጥበቱ ይለቃል። ለምንጣፍ ወይም ለብቻው ለሚታጠብ ነገር ይሁን፤ ለነጠላ ጥለት ግን አልመክርም። ሻጩ ራሱ ካላወቀ ጥቂት ግዙና በቁራጭ ክር ሞክሩት። ለብ ባለ ውሃና ሶዳ አሽ (የማጠቢያ ሶዳ) አንድ ሰዓት ነክራችሁ፣ በፈላ የሳሙና ውሃ እጠቡት። ቀለሙ ክሩ ላይ ከቀረ የምትፈልጉት እሱ ነው።

አሜሪካ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ። ዳርማ ትሬዲንግ የተባለው የቀለም መደብር የሚሸጠው ፕሮሲዮን ልክ ይሄው ሪአክቲቭ ነው። በየሱፐርማርኬቱ የሚገኘው ሪት የተባለው ቀለም ግን የጥጥና የሱፍ ቀለም አንድ ላይ የተቀላቀለበት ስለሆነ፣ ከፊሉ ጥጡን ሳይይዝ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ለሙከራ ካልሆነ ገንዘባችሁን ቆጥቡ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ልቃቂቱን ፍቱና በወንበር ጀርባ ላይ ጠቅልሉት፣ ከዚያ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ከጠበቀ የታሰረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ መቀቀል ነው፤ ይህን ማንም እንዳይዘል! ጥሬ ጥጥ የተፈጥሮ ሰም ስላለው ውሃ አያስጠጋም። በሶዳ አሽና በትንሽ ኦሞ አንድ ሰዓት ስትቀቅሉት ውሃው ሻይ ይመስላል። የአልሙኒየም ድስት ግን ሶዳ ይበላዋልና የማይዝግ ብረት ተጠቀሙ። ሶዳ አሽ ካጣችሁ፣ የዳቦ መጋገሪያውን ሶዳ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ብታቆዩት ወደዚያው ይቀየራል።

ለ100 ግራም ደረቅ ክር 2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 3 ግራም ቀለምና 100 ግራም ጨው በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ በጥብጡ። እርጥቡን ክር ጨምራችሁ 20 ደቂቃ እያገላበጣችሁ ቆዩ። ከዚያ 20 ግራም ሶዳ አሽ ለብቻው ሟሙቶ ይገባል፤ ክሩ ላይ በቀጥታ አትድፉት። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይና በፈላ የሳሙና ውሃ ይታጠብ። የአዲስ አበባ ብርድ ሥራውን ስለሚያዘገየው ሳፋውን በብርድ ልብስ ሸፍኑት። ዱቄቱ ሲበጠበጥ ማስክና ጓንት ይኑራችሁ። ሳፋውም ወደ ሊጥ አይመለስ።

የወጥ ቤት ቀለሞችስ? እርድ ወዲያው ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ቶሎ ይደበዝዛል። ቀይ ስር ጥጥ ላይ አይቆይም፣ እርሱት። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ግን ልዩ ነው። ሽንኩርት በብዛት የሚልጡ ምግብ ቤቶችን ብትጠይቁ በነፃ ይሰጧችኋል። ክሩን መጀመሪያ በወፍራም ሻይ፣ ቀጥሎ በሸብ (አሉም) ዘፍዝፋችሁ፣ የክሩን ክብደት ያህል ልጣጭ ብትቀቅሉበት ከወርቃማ እስከ ቡናማ ያወጣል። የተፈጥሮ ቀለም በሰለጠነ እጅ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሳባሐር የተባለውን የሽመና ድርጅት የሐርና የጥጥ ሥራዎች ይይ።

ልብስ ለሚነክሩ ቤቶች መስጠትም ይቻላል። ጊዜ ለሌለው ጥሩ ነው፣ በተለይ ለጥቁር። ጥቁር ቤት ውስጥ እጥፍ ቀለም ይፈልጋል፣ ያም ሆኖ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ችግሩ የእጅ ፈትል እንደ ሸሚዝ ከተማሰለ ይቋጠራል። ክሩን በደንብ አስራችሁ ስጡ፣ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚጠቀሙም ጠይቁ።

የመንዝ በግ ፀጉር የፈተላችሁ ደግሞ ይሄን ሁሉ ሶዳ ተዉት፣ ሱፍ ይጎዳል። ለሱፍ አሲድ ቀለምና ኮምጣጤ ነው የሚሆነው። ኮምጣጤ ለጥጥ አይሠራም፣ ማንም ቢነግራችሁ።

ለሸማኔ ከመስጠታችሁ በፊት ያቀለማችሁትን ክር አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሉና በጋለ ካውያ ተጫኑት። ቀለሙ ነጩን ጨርቅ ከነካካው ክሩ እንደገና በፈላ ውሃ ይታጠብ።