ከድሬዳዋ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ወደ ከተማው በምን ይገባል?

ጤና ይስጥልኝ፤ ድሬዳዋን የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች እንድትተባበሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የጎንደር ነዋሪ ነኝ። እናቴ የተሳሉትን ስለት ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል ስለሚያስገቡ፣ ከአዲስ አበባ ለቡ ጣቢያ በባቡር ተሳፍረን ድሬዳዋ ለመውረድና ሳቢያን ካለችው አክስቴ ቤት አድረን በማግስቱ ወደ ቁልቢ ለመውጣት አስበናል።

ያስቸገረኝ ከባቡሩ ከወረድን በኋላ ያለው መንገድ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረችው ድሬዳዋ የድሮ ጣቢያዋ መሀል ከተማ ከዚራ ሲሆን፣ አዲሱ ግን ከከተማው ርቆ ነው የተሠራው። እኛ ጎንደሮች ባቡር ባይኖረንም ነገሩ አይጠፋንም፤ አውሮፕላን ማረፊያችን አዘዞ ስለሆነ፣ ዘግይቶ የወረደ እንግዳ የተጠየቀውን ከመክፈል ሌላ ምርጫ የለውም።

እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ ከነሻንጣውና በስለት ከሚያስገቡት ትልቅ ጃንጥላ ጋር እስከ አስፋልቱ በእግር መሄድ አይችሉም። ባቡሩ አምሽቶ ቢገባ ሚኒባስ ወይም ባጃጅ ጣቢያው በር ላይ ይገኛል? እስከ ሳቢያን ለሁለት ሰው ስንት ብር ቢጠየቅ ተገቢ ነው? በንግሡ ሰሞንስ ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ቁልቢ የሚጭን መኪና ይኖራል፣ ወይስ ከተማ መግባት የግድ ነው? ቀድሞ ተነጋግሮ በሰዓቱ የሚጠብቅ፣ የምታምኑት ባለባጃጅ ካለ ብትጠቁሙኝ ደግሞ ውለታችሁ ትልቅ ነው።